አልፈታ ያለው ዳዶ

ጠመንጃ ሠሪው አያ እንድሪስ አርፈው ለቅሶ ልደርስ ኮቦ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ድንኳን ውስጥ አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ድሮም አይሆንልኝም፤ እናቴ "ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ" ትል ነበር። ሚስታቸው እትዬ ሐዋ ስቁነጠነጥ አይተው "እስቲ ከሱቁ ሄደሽ ያቺን ምንጣፍ አምጪልኝ" ብለው ቁልፍ ሰጡኝ። የምነሣበት ሰበብ እንደምፈልግ ያወቁብኝ ይመስለኛል።

የቆርቆሮውን በር ስገፋው ሽታው ተቀበለኝ፤ ላምባ፣ ዝገትና የቀዘቀዘ ከሰል። አንድ ጊዜ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለ ባለ ጠመንጃ ሁሉ የሚመጣበት ሱቅ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ዶማ፣ ማጭድና የተሰበረ የበር ማጠፊያ ብቻ ነው ያለው። ብረት ጨምድዶ ከሚይዘው ሞርሳ በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ አንድ ዳዶ፣ በመፍቻ የሚጠብቅ የብረት ቀለበት፣ ተሰቅሏል። የልጅ አምባር ያክላል፣ ባለ ስድስት ጎን ነው፣ ጥቁር። አወረድኩት። ሳላስበው ወደ አፌ አስጠጋሁና በምላሴ ነካሁት። ከዚያ ምንጣፉን ረስቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በጥር ወር ሮቢት አጠገብ የዘመድ ሠርግ ተጠራን። ሙሽራው ሲገባ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ አባቴ ሞላም ከአባቱ የወረሰውን ቤልጅግ ጠመንጃ ይዞ መሀላቸው ነበር። ሦስተኛዋን ሲተኩስ ከኋላው የሚጨፍር ሰው ገፋው። ዳሱ ጥግ ቆሞ የሚያጨበጭብ ካሳው የሚባል ጎረምሳ ወደቀ። አባቴ ልጁን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። እኔ ዳቦ በእጄ ይዤ ነበር፤ የማስታውሰው ከበሮው ወዲያው አለመቆሙን ነው። መቺዋ አላየችም። ሰው ይጮኻል፣ እሷ ትመታለች።

ፖሊስ አባቴን ወሰደው፤ የሠርጉ ሰው ሁሉ አደጋ መሆኑን መሰከረና ከወር በኋላ ተለቀቀ። ቤቱ ግን አልመጣም። እኛ አገር የመንግሥቱ ነገር ቢያልቅም ደም እስኪደርቅ፣ ማለት እርቅ እስኪወርድ ድረስ ምንም አላለቀም፤ ሰው የገደለ የሟች ወገን በሚሄድበት መንገድ አይሄድም፣ በሚቀዱበት ውኃ አይቀዳም፣ ገበያ አይወጣም፣ ለቅሶ አይደርስም። ስለዚህ አባቴ ከዞብል ተራራ ማዶ፣ ግመል ከሚያረቡ የአፋር ወዳጆቹ ዘንድ ተቀመጠ። እኔና እናቴ ከእምዬ ጋር ቀረን። እምዬ የአባቴ እናት ናት፤ ያን ጊዜ ከአልጋ አትወርድም ነበር።

አበጋሮቹ፣ ማለት ደም የሚያደርቁት ሽማግሎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነው ጾሙን ሙሉ ሮቢትና ኮቦ ሲመላለሱ ከረሙ። ከፋሲካ በኋላ የሟች እናት እትዬ ብርቄ እሺ አሉ።

"ከብት አልፈልግም" አሉ አሉ። "ጠመንጃውም የአባት ነው፣ ይኑርላቸው። ያ አፈሙዝ ግን ልጄን ያየ ነው። ተነቅሎ ይምጣልኝና በእጄ ልቅበረው።"

አበጋሮቹ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ አፈሙዙን በመጋዝ መቁረጥ የለም። "አንድ የተቆረጠ ዕድሜ አለ፤ ይበቃል" አሉ። "ብረቱ በእጅ ይፈታ።" ቀጠሮው ለግንቦት ሚካኤል ተያዘ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ በሪሁን፣ ዋጃ ወርዶ ሌላ አፈሙዝ ፈልጎ መጣ፤ ያን ሲነቅሉ ይኼን እንዲተኩበት። ቤልጅጉን በጋቢ ጠቅልሎ አያ እንድሪስ ዘንድ ሲወስደው እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

አያ እንድሪስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ ሰው ነበሩ። ጠመንጃውን ከጋቢው አውጥተው ከንፈራቸውን መጠጡ። በአያቴ ዘመን አንድ ሌላ ሠሪ አፈሙዙን ቀይሮት ኖሯል፤ እንዳይላቀቅ ብሎ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል በሚጋጠምበት አንገቱ ላይ ያንን ዳዶ አስሮበታል። ዳዶውን ከአያቴ ዘመን ወዲህ አንድም ሰው ነክቶት አያውቅም። ዝገቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። አጎቴ መፍቻውን ከእጃቸው ነጥቆ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። መፍቻው አመለጠውና ክርኑ ከሞርሳው ጋር ተላተመ።

"አቦ ተወው!" አሉት አያ እንድሪስ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ይኼን ዳዶ ባያዩት ነው። ወላሂ በጉልበት አይደለም ይኼ። ብረት በቀን አንዴ ነው የሚለመነው።"

እንዲህ ነበር አሠራራቸው። ጠዋት ላምባ የነከረ ጨርቅ በዳዶው ዙሪያ ይጠመጥማሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ጎረቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ ብለው። ወደ አሥር ሰዓት ላይ መፍቻውን ያስገባሉ፣ "ቢስሚላህ" ይላሉ፣ አንድ ጊዜ ይስባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። እምቢ ካለ መፍቻውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ ሰቅለው፣ ወደ ቤታቸው። እኔን ያበሳጨኝ ነበር። ሁለተኛ ለምን አይሞክሩም እያልኩ በሩ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

ለእርቅ የሚሠራ ብረት አይከፈልበትም ስላሉ ምሳቸው ከእኛ ቤት እንዲሄድ ተባለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ ሥጋማ አይሆንም፣ የእኛን እርድ እሳቸው አይበሉ፣ የእሳቸውን እኛ። እየሮጥኩ አደርሳለሁ። እሳቸው በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ሲሄዱ ሁሌ አንድ ነገር ይሉኛል፤ "ትርንጎ፣ ጠብቂልኝ።" እኔ ሞርሳው አጠገብ ካለው በርሜል ላይ ወጥቼ ቤልጅጉን አፍጥጬ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ አደራ ተቀብዬ አላውቅም ነበር።

ቤት ስመለስ እምዬ ከአልጋዋ ሆና ታዳምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ኮቴዬን ከአጥር ውጭ ይለየዋል።

"ተፈታ?"

"አልተፈታም፣ እምዬ።"

"ነገ ይፈታል" ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሰው "ሆዷን ነው" የሚለው በሽታ ነበረባት፤ ያበጠ፣ የሚነድ። እናቴ ለጎረቤት "ልጇን ሳታይ አትሄድም፤ እሱን እየጠበቀች ነው" ስትል ሰምቻለሁ። ይኼንን እንደ ጥሩ ነገር ነው የሰማሁት። እምዬ የምትሄድበት ቦታ ካለ አባቴ ሲመጣ አብረው የሚሄዱ መስሎኝ።

በአምስተኛው ቀን አያ እንድሪስ መፍቻውን ስበው ፊታቸው በራ። "ልቡ ራራ" አሉ። "ተነቃንቋል፣ በእጄ ተሰምቶኛል። ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።" እየበረርኩ ቤት ሄድኩ። ልናገር ስገባ እናቴና አጎቴ በሪሁን ከጓሮ ያወራሉ። እናቴ ማሽላ ታበጥራለች። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

"ዳዶው በተፈታ ማግስት ነው" ይላል አጎቴ። "ሞላ በባዶ እግሩ ይመጣል፤ ድንጋይ አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ አጎንብሶ ይቀርባል። ጉድጓዱን ዛሬ አስቆፍሬዋለሁ፣ ከዋርካው ሥር።"

"ቁመቱ ይበቃል?"

"ይበቃል። ለክቼዋለሁ።"

እናቴ ሰፌዱን አስቀምጣ አለቀሰች። "ምን ይደረግ" አለች፤ "ዕዳው ነው፣ ይወጣው።"

እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅሁ። ድንጋይ፣ አንገት፣ ጉድጓድ፣ ልክ። የደም ነገር ለልጅ አይነገርም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ስለዚህ በራሴ ተረዳሁት። ዳዶው የተፈታ ቀን አባቴን ሊቀብሩት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፣ አያ እንድሪስም ያውቃሉ፣ ለዚያ ነው የማይከፈላቸው። ያን ዕለት ራት አልበላሁም። አባቴ በሕይወት እስካለ ድረስ ያ ዳዶ መፈታት የለበትም። ይኼ እንደ ሒሳብ ግልጽ ሆነልኝ፤ ሒሳብ እኮ አልችልም ነበር።

ምን ማድረግ እንዳለብኝም አውቅ ነበር፤ ያስተማሩኝ ራሳቸው አያ እንድሪስ ናቸው። ከሦስት ቀን በፊት ከአፋር የሚመጣ ነጋዴ ጠመንጃውን ከአሞሌ ጨው ጭነት ጋር አስሮ ይዞት መጥቶ ነበር። ብረቱ ተበልቶ ቅርፊት እያራገፈ። አያ እንድሪስ ያን ጊዜ ተቆጥተው "ብረትን ከሌባ ጋር አሳድረው፣ ከጨው ጋር አታሳድረው!" አሉት። ነጋዴው ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም፤ ቃሉን ያዝኩት።

በማግስቱ ከእናቴ የጨው ማሰሮ እፍኝ ሰርቄ በሃይላንድ ውኃ ውስጥ በጠበጥኩት። ሃይላንዱን ከደብተሬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። አያ እንድሪስ "ጠብቂልኝ" ብለው ወደ ሶላታቸው ሲሄዱ በሩን ገርበብ አደረግሁ። የላምባውን ጨርቅ ፈታሁ፣ ዳዶውን በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፣ የጨው ውኃውን ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ከዚያ ጨርቁን እንደነበረ አሠርኩ። በርሜሉ ላይ መውጣት፣ መውረድ፣ መውጣት ሆነ። ሲመለሱ "ማንም አልመጣም?" አሉኝ። "ማንም" አልኩ። አዎ፣ ማንም አልመጣም።

ያን ቀን ሲስቡት እምቢ አለ። በማግስቱም እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን መፍቻውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩ። "ተነቃንቆ ነበር እኮ" አሉ ለራሳቸው። "ወይስ እጄ ነው የዋሸኝ?" ላምባውን ጨመሩ፤ እኔ ጨዉን ጨመርኩ። ከቀናት በኋላ የዝገቱ ውኃ ቀይ ሆኖ ሞርሳው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሰዎች በር ላይ ቆመው ይቀልዱባቸዋል። "አያ እንድሪስ፣ ዳዶው ነው ወይስ አማት?" ይላቸዋል አንዱ። "ምርቃት ይፈልጋል መሰለኝ፣ ሼህ ይጠራለት" ይላል ሌላው። እሳቸው ይስቃሉ፣ ግን ሳቁ ከጥርሳቸው አያልፍም።

እናቴ ደግሞ ማሰሮውን እያየች "ይኼን ጨው ምን በላው?" ትላለች። በግ አስልሼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። በግ እንኳ አልነበረንም፤ የጎረቤት በግ ነው አልኩ። በዚያ ላይ በጥፊ አለችኝና ተገላገልኩ።

ማታ ማታ ያው ጥያቄ። "ተፈታ?" "አልተፈታም፣ እምዬ።" አሁን ግን ስመልስ ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበር። ዛሬም ድምፄን እሰማዋለሁ። አንድ ቀን እጄን ያዘችና "ምነው ደስ ያለሽ?" አለችኝ። በሌላው እጄ ጋቢዋን አስተካከልኩላት። "ልጅ መሆን መልካም ነው" አለች፤ መዳፏ ከእሳት የወጣ ያህል ይተኩስ ነበር።

ግንቦት ሚካኤል መጣ፣ ዳዶው አልተፈታም። የሟች ወገኖች ከሮቢት ሰው ላኩ፤ "ይቀልዱብናል እንዴ?" የሚል። የሟች ወንድሞች እርቁን መተው ይሻላል ማለት ጀምረዋል ተባለ። አበጋሮቹ ለምነው ቀጠሮውን ለግንቦት ማርያም አራዘሙት፤ ከዚያ ካለፈ ግን እኛ የለንበትም አሉ። አጎቴ ሱቁ ድረስ መጥቶ በመጋዝ ይቆረጥ ብሎ ጮኸ። አያ እንድሪስ "ቃል ይቆረጣል?" ብቻ አሉት።

በሚካኤል ማግስት ምሳቸውን አድርሼ፣ በልተው፣ ታጥበው፣ "ጠብቂልኝ" ብለው ወጡ። ሃይላንዱን አወጣሁ። ጨርቁን ፈትቼ ስጨርስ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ኮፍያቸውን ረስተው ተመልሰው ነበር።

አልጮኹም። መጥተው ሃይላንዱን አልተቀበሉኝም እንኳ። ወደ ሞርሳው አጎንብሰው ዳዶውን በምላሳቸው ነኩት፣ ልክ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ጨው" አሉ።

ለቅሶዬ ፈነዳ። "አባቴን አትቅበሩት!" አልኩ። "ጉድጓዱን ለክተውታል፣ ሰምቻለሁ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርገው፤ አትፍቱት፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አትፍቱት!"

ሶላታቸው አለፈ። በርሜሉ ላይ ተቀመጡ፣ እኔን መሬት ላይ አስቀመጡኝ፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ጉድጓዱ የአፈሙዙ ነው፤ ቁመቱን የለኩት በአፈሙዙ ነው። ድንጋዩን አባትሽ በራሱ ይሸከማል፣ ጥፋቴ ይኼን ያህል ይከብደኛል ሲል ነው። የልጁ እናት ድንጋዩን በእጃቸው ያነሡለታል። ካነሡለት በኋላ ደም የለም፤ ቤቱ ይገባል። "ይኼን ዳዶ የምፈታው አባትሽ እንዲመጣ ነው፣ አንቺ ሞኝ። አንቺ ነሽ መንገዱን የዘጋሽበት።"

ይኼን ስሰማ የያዝኩትን ሃይላንድ መሬት ላይ ደፋሁት። ጠዋት እምዬ ውኃ እንኳ አልወረደላትም ነበር።

"ለእናቴ ይነግሩብኛል?"

"ይኼ በእኔና በአንቺ መሀል ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።" ኮፍያቸውን አደረጉ። "አሁን ተነሺና ውኃ አፍልተሽ አምጪ። ያበላሸሽውን አብረን እናስተካክላለን።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በሕይወቴ የሮጥኩትን ሩጫ ሁሉ ያስንቃል። ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ እናቴ ከእምዬ አልጋ ስለማትለይ አላወቀችም። ዳዶውን በፈላ ውኃና በዐመድ አጠብነው፣ ጨዉ እስኪወጣ ደጋግመን። ላምባ አጠጣነው። ከዚያ ከሰል አቀጣጥለው ወናፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ አንገቱ ብቻ እንዲግል አፈሙዙን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በትንሽ እሳት ያሞቁታል፣ ያበርዱታል፣ ያሞቁታል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ክንዴ ይዝላል። "ይሞክሩት፣ አሁን ይሞክሩት!" እላለሁ። "በቀን አንዴ" ይላሉ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሰምተሻል?" በቀን አንዴ ይስባሉ፣ እምቢ ይላል። ጨው ነክሶት ነበር።

ማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት እምዬ ሞተች። ማታውን እንደ ሁልጊዜው ጠይቃኝ ነበር። "ተፈታ?" ውሸት መናገር ፈልጌ ነበር፣ ያኔ ውሸት የሚያስፈልገኝ ቀን ነበር። አፌ ግን እንደ ለመደው "አልተፈታም" አለ። ነገ ይፈታል አላለችም።

ተቀበረች። አባቴ አልነበረም፤ ከዞብል ማዶ ሆኖ ሰምቷል፣ መምጣት ግን አይችልም፤ ደሙ አልደረቀም። የመጀመሪያውን አፈር አጎቴ መለሰ። እኔ ከቀብር በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ወናፉን ያዝኩ። አያ እንድሪስ ከሰል ጨመሩ።

ዳዶው በማርያም ዋዜማ አሥር ሰዓት ላይ ተፈታ። "ቢስሚላህ" አሉ፣ ሳቡ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ወጣ። መፍቻው ዞረ። አንዳችንም ደስ አላለንም።

በማግስቱ ከዋርካው ሥር አባቴ በባዶ እግሩ መጣ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጢሙ አድጎ። አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ። እትዬ ብርቄ አፈሙዙን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አጋድመው ተቀምጠዋል። ቶሎ አላነሡለትም። እኔ ዳር ቆሜ እቆጥራለሁ፤ ሰባ ላይ ስደርስ ተነሡ፣ ድንጋዩን አንሥተው ጣሉት፣ "ልጄን መልሰህ አትሰጠኝም፤ እኔም አንተን ከልጅህ አልነጥቅም" አሉት። አፈሙዙ ተቀበረ። ሰው ሁሉ እልል አለ፣ አለቀሰም።

ያን ዕለት ወደ ቤታችን ለእምዬ ለቅሶ ሰው ገባ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ አቀርቅሮ ተቀምጧል። አያ እንድሪስ ሲገቡ አጎቴ በሪሁን ብድግ አለ። "ሚካኤልን ባያሳልፉ ወንድሜ እናቱን በእጁ ይቀብር ነበር!" አለ። "ዳዶ መፍታት ያቃተው ሰው ምን ብሎ አደራ ይቀበላል?"

አፌን ከፈትኩ። አያ እንድሪስ አጠገቤ ነበሩ፤ ያ ሰፊ እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ ዐረፈና ወደ ታች ተጫነኝ።

"እውነት ነው" አሉ። "እጄ አርጅቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል።

ወሬው ከገበያ ገበያ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ጠመንጃ ወደዚያ ሱቅ መምጣት ቀረ፤ ባለ ጠመንጃ ሁሉ ወደ ሌላ ሠሪ። እሳቸው ለቤልጅጉ አዲሱን አፈሙዝ ገጥመው ለአባቴ መለሱ፣ አባቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ ሠርግ ላይ ዳግመኛ አልተኮሰም። እሳቸው ዶማ መቀጥቀጥ ያዙ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ስለዚህ ነው ዛሬ ዳዶውን እንደ እሳቸው በምላሴ የነካሁት፤ ጨዉ ቀርቶበት እንደሆነ ለማወቅ። ብረት፣ ብረት ይላል እንጂ ጨው የለበትም።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ምንጣፍ አልያዝኩም፣ ዳዶውን ነው። ወንዶቹ ስለ ሟቹ እያወሩ ነበር። አንድ ከጎብዬ የመጣ ሽማግሌ "አላህ ይዘንላቸው፣ የማይፈቱት ብረት አልነበረም" አለ፤ "ያ የሞላ ዳዶ ካልሆነ በቀር።" ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። ጥግ የተቀመጠው አባቴ፣ አሁን ፀጉሩ ነጭ ነው፣ "እጃቸው ደክሞ ነበር፤ ምን ያድርጉ" አለ፣ ለደግ ብሎ።

"እጃቸው አልደከመም ነበር" አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞረ። ነገርኳቸው፤ ጨዉን፣ ሃይላንዱን፣ ጉድጓዱን፣ የላምባውን ጨርቅ፣ አያ እንድሪስ እንዴት እንዳወቁና እንዴት ስለ እኔ እንደዋሹ። ቆሜ ሳወራ እግሬ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል። ስጨርስ አባቴ ከጥጉ ቀና አለ።

"እናቴ ስትጠይቅሽ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ "ምን ትያት ነበር?"

"አልተፈታም።"

ወጣሁ። የድንኳኑን ገመድ ከያዙት ድንጋዮች አንዱን አነሣሁ፣ አንገቴ ላይ አደረግሁ፣ አጎንብሼ ገባሁና እትዬ ሐዋ ፊት ቆምኩ። "የባልዎን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እሱ ከእኔ ምን ይደብቃል ብለሽ ነው" አሉ እትዬ ሐዋ። "ያኔውኑ ይቅር ብሎሻል። ዛሬ ሰው ፊት ስሙን መለስሽለት፣ ጨርሰናል። ዙሪ፣ ወደ አባትሽ፤ የቀረው ይቅርታ የእሱ ነው።"

ዞርኩ። የማየው የአባቴን ባዶ እግር ብቻ ነው፤ ምንጣፍ ላይ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ። ድንጋዩ ከባድ ነበር። መቁጠር ጀመርኩ፣ ጠፋብኝ፣ ተውኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። አባቴ ተነሣ። እጁ መጥቶ ጭንቅላቴ ላይ ዐረፈ፤ ድንጋዩን ግን አላነሣውም።

"ትንሽ ቆዪልኝ፣ ልጄ" አለ። "መጀመሪያ እናቴን ላልቅሳት።"

እሺ አልኩት። ድንጋዩን ይዤ ጠበቅሁት።